ማንጌራም የደበቃት ጠብታ

ማንጌራም ማለት በሰሜን ህንድ በሃርያና ሰዎች አፍ «በልመና የተገኘ» ማለት ነው። እናቱ ቻንድሮ በላይ በላዩ አራት ሴቶች ወለደች። አራተኛዋን «ዳፖ» ብላ ሰየመቻት፤ «በቃኝ፣ ጠገብኩ» ለማለት። ልቧ ግን አልጠገበም ነበርና ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ እየጾመች፣ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ወደ ሌላው እየተንከራተተች አምስተኛውን ወንድ አገኘች። ስለዚህ ልጁ ድክ ድክ ማለት ሳይጀምር የቤቱ ጌታ ሆነ። የወተቱ ስልባቦት የእሱ፣ በቅቤ የራሰው የማሽላ ቂጣ የእሱ፤ እህቶቹ ደግሞ የእሱ ሞግዚቶች።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው መንደራቸውን ናግራናን ጆሮ ደግፍ ገባባት። ሕፃናቱ ጉንጫቸው አብጦ፣ አንዱ በሌላው እየሳቀ በሳምንታቸው ዳኑ። በማንጌራም ላይ ግን በረታ። ቻንድሮ አንገቱን በትኩስ አመድና በሰናፍጭ ዘይት አሰረችለት። በአምስተኛው ቀን እብጠቱ ከአንገቱ ጎደለና ለእናት የማይነገር ቦታ ወረደ። ሦስት ቀን ብርድ ልብሱን ነክሶ ተኛ። ያወቀው አባቱ ብቻ ነበር፤ እሱም በሩ ላይ ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ፣ «ወንድ ልጅ ይችለዋል፤ ያልፋል» አለው። እውነትም አለፈ። አባትየው በዓመቱ ሞተ፤ ነገሩም ከእሱ ጋር ተረሳ።

ማንጌራም በሃያ ዓመቱ በጂንድ መንገድ ላይ ባለ፣ እንደ ላም የሚታለበው የቤት ጎሽ በሚጠናበት አንድ የምርምር ማዕከል ተቀጠረ። የመጀመሪያ ሥራው ገመድ መያዝ ነበር። ኮርማው በሴት ጎሽ ፋንታ ወደታሰረለት በሬ ሲንደረደር አፍንጫው ላይ ያለውን ገመድ ላላ ጠበቅ እያደረገ ያባብላል፤ ሌላው ሠራተኛ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ዘሩን በሞቀ ቱቦ ይቀበላል። ማንጌራም ከልጅነቱ ከጎሽ ጋር ስላደገ ፈርቶ አያውቅም። አሥር ኩንታል የሚመዝነው ኮርማ በእሱ እጅ ላይ እንደ ጥጃ ይለዝባል።

ማዕከሉን የምትመራው ዶክተር ሱሎቻና ከደቡብ፣ ከናግፑር የመጣች፣ አጭር፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ሴት ነበረች። የሳሪዋን ጫፍ ከጎማ ቦት ጫማዋ ውስጥ ሰክታ በረቱን ስትዞር የአገሩ ወንዶች አፋቸውን ሸፍነው ይስቁባት ነበር። አንድ ቀን ማንጌራምን ጠራችና ከማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችው።

«ምን ይታይሃል?»

«ደመና ነው የሚመስለኝ፣ ዶክተር። ነፋስ የሚያባርረው ደመና።»

«ደመናው እንዴት ነው የሚሄደው?»

«እየተገለባበጠ። አንዱ ባንዱ ላይ እየወጣ። የሠርግ ቤት ነው የሚመስለው።»

እሷም ሳቀችና፣ «እንግዲያው ከአምስት ስንት ትሰጠዋለህ?» አለችው።

«አምስት።»

ራሷ አጎንብሳ አየች። እሷም አምስት ሰጠች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ገመዱን ሌላ ሰው ያዘው። ማንጌራም ከጠብታዋ ፊት ተቀመጠ። ዘሩ ገና ሲቀዳ ሙቀቱ ሳይለየው በሞቀ መስታወት ላይ አንዲት ጠብታ ያኖራል፣ በአንድ ዓይኑ ያያል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። የሞተ ዘር ዜሮ፣ የሚንፏቀቅ አንድ፣ እንደ ሠርግ ቤት የሚተራመስ አምስት። ከሦስት በታች የሆነ ይደፋል። ሦስትና ከዚያ በላይ የሆነው በቀጫጭን ቱቦ ተሞልቶ በናይትሮጅን ውስጥ ይቀዘቅዝና እስከ ሩቅ መንደር ድረስ ላሉ ጎሾች ይሄዳል። በማዕከሉ ውስጥ «ማንጌ ሦስት ካለ ሦስት ነው» ይባል ጀመር። ገበሬዎቹም መንገድ ላይ ሲያገኙት «የአውራጃው ጥጃ ሁሉ አባት እንዴት ዋልክ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ጺሙን እያፍተለተለ፣ «ልጆቼ ደህና ናቸው? ወተት አታሳንሱባቸው» ይላል።

ብርማቲን ያገባት በሥራው በሁለተኛው ዓመት ነው። ቁመቷ ከእሱ በጣት ይበልጥ ነበር። በአማቷ ፊት ሻሿን እስከ አገጯ ስባ፣ ድምፅዋን አጥፍታ ትኖራለች፤ ለብቻቸው ሲሆኑ ግን ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ስሙን ጠርታው አታውቅም፤ «አንቱ» ነው የምትለው። እሱ ግን ያ «አንቱ» ሲነገር ውስጡ ሳቅ እንዳለበት ያውቃል።

«ዛሬስ በመስታወትዎ ውስጥ ምን አዩ?» ትለዋለች ጎሿን እያለበች።

«ራጃ የሚባለው ኮርማ አምስት አገኘ።»

«እሱ አምስት ካገኘ ለምንድነው አንቱ እንዲህ የሚንጎራደዱት?»

በዚያ ጊዜ እንዲህ ይሳሳቁ ነበር። ሦስት ዓመት አለፈ። ብርማቲ አልወለደችም።

ቻንድሮ መጀመሪያ በሽሙጥ ጀመረች። በጓሮ ኩበት እየጠፈጠፈች፣ ለማንም ሳይሆን ለጎሿ እንደምትናገር ሁሉ፣ «አንቺስ ተመስገን፣ ሦስተኛሽን ወለድሽ። መኖሽ አይቆጭም። በዚህ ቤት መኖ የሚቆጨው የሌላዋ ነው» ትላለች። ቀጥሎ ሽሙጡ ወደ መድኃኒት ተለወጠ። መራራ ሥር በባዶ ሆድ፣ ክታብ በክንድ፣ ሰባት ሐሙስ በባዶ እግር ወደ አንድ ቅዱስ መቃብር። የመንደሩ ሴቶች አራስ ሊጠይቁ ሲሄዱ ብርማቲን አይጠሯትም፤ ዓይኗ ሕፃኑን ይጎዳዋል ይላሉ። አንድ ጊዜ የጎረቤት ሕፃን ተንፏቆ ደጃፏ ሲመጣ አነሳችው። እናቱ ሮጣ መጥታ ከእጇ ወሰደችውና በአናቱ ዙሪያ ቃርያ አዙራ እሳት ውስጥ ጣለች፣ የዓይን ነገር እንዲቃጠል። ብርማቲ ይህን ቆማ አየች። ያን ዕለት ማታ እራት አልበላችም።

ዶክተር ሱሎቻና ነገሩን ሰምታ ኖሮ፣ አንድ ቀን መስታወቱን እያጠበ ሳለ አጠገቡ ቆመች።

«ማንጌ፣ አንድ መንደር ውስጥ ጎሾች ለማርገዝ እምቢ ሲሉ መጀመሪያ የምንመረምረው ማንን ነው?»

«ኮርማውን፣ ዶክተር።»

«ለምን?»

«ይቀላላ። እሷን ከመቦጫጨር እሱን አንድ ጠብታ ማየት ይቀላል።»

«እና አንተስ?»

ማንጌራም ፈገግ አለና ዓይኑን ወደ ውሃው መለሰ። «እኔማ ደህና ነኝ። ምንም አያመኝም።»

በተጋቡ በስምንተኛው ዓመት፣ በዚያ ምድር እሳት በምትተፋበት በጋ፣ ዶክተሯ አንድ ጥናት ጀመረች። ሙቀት ሲበረታ የኮርማዎቹ ዘር እንደሚደክም ታውቅ ነበር። ለሰውስ እንዲሁ ይሆን? አንድ የሕክምና ኮሌጅ ሐኪም በጡብ ማቃጠያ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት የሚቆሙ ወንዶችን ዘር እንዲመረምር ከእሷ ጋር ተስማማ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ እሳት የማያውቁ ጤነኛ ወንዶች ስላስፈለጉ የማዕከሉ ሠራተኞች በፈቃዳቸው እንዲሰጡ ተጠየቁ። ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ሠራተኞቹ ለሳምንት ያህል እርስ በርስ ሲቀላለዱ ሰነበቱ። «ዛሬ ደግሞ ገመዱን ለእኛ ያዙልን» ይባባላሉ። ማንጌራምም ቀልዱን ላለማጣት ሰጠ። ሰባት ቁጥር ደረሰው።

ጠብታዎቹን የሚያያቸው ራሱ ነበር። አንድን አየ፣ አራት። ሁለትን አየ፣ ሦስት። እንዲህ እያለ ሰባት ላይ ደረሰ። አጎነበሰ።

ምንም የለም። ንጹሕ ውሃ ይመስላል። መስታወቱ ቀዝቅዞ ይሆናል ብሎ አሞቀውና ሌላ ጠብታ አኖረ። ከዳር እስከ ዳር ፈለገ። የሚንቀሳቀስ የለም፤ ሞቶ የተኛም እንኳ የለም። ሦስተኛ ጠብታ አኖረ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ያየ ሰው ነውና የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ነክሶ የተኛባቸው ሦስት ቀናት፣ አባቱም ፊቱን አዙሮ በሩ ላይ መቆሙ ትዝ አሉት።

እስክሪብቶውን አነሳ። በሰባት ቁጥር ትይዩ «ሦስት» ብሎ ጻፈ። በሕይወቱ የጻፈው የሐሰት ቁጥር ያ ብቻ ነው።

ወደ ቤቱ ሲሄድ እነግራታለሁ ብሎ ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃላቱን ሲያዘጋጅ ሄደ። ብርማቲ ከዚያው ከቅዱሱ መቃብር በባዶ እግሯ ተመልሳ በጠፍር አልጋው ጫፍ ተቀምጣለች፤ የእግሯ መዳፍ በንዳዱ ተልጦ ውሃ ቋጥሯል። እንዳየችው ተነስታ እያነከሰች ውሃ አመጣችለት። ጽዋውን ተቀብሎ አፉን ከፈተ።

«ጨው አለ እንዴ በቤት?» አላት።

«አለ። ለምን?»

«ለእግርሽ። በሞቀ ውሃ አድርጊበት።»

ከዚያ በኋላ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ከመከር በኋላ እያለ ቀጠረ። ክፉ ሰው ስለነበረ አይደለም። ፈሪ ነበረ፤ ፍርሃት ደግሞ አንድ ቀን ካሳደሩት ባለቤት ይሆናል።

ቻንድሮ በዚያው ዓመት ቁርጥ አሳብ ይዛ መጣች። «ወደ አባቷ ቤት ትመለስ። የአጎቷን ልጅ እናምጣ፤ እሺ ብለዋል። አንተን ለምኜ ያገኘሁህ ዘሬ በአንተ እንዲደርቅ ነው?»

«አይሆንም፣ እማዬ። ሌላ ሴት አላገባም።»

«ምን አስነክታህ ነው?»

«ምንም። አላገባም አልኩ፣ አላገባም።»

ሌላይቱን ለማምጣት እሺ ቢል ሁለተኛዪቱም እንደማትወልድ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ጣቱ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። እምቢ ያለው ግማሹ ለብርማቲ ብሎ፣ ግማሹ ለራሱ ብሎ ነው። የቱ እንደሚበልጥ እስኪሞት አልለየውም። ወሬው ግን በመንደሩ ተሰማና ማንጌራም ቅዱስ ሆነ። ወንዶች ጋያ በሚስቡበት ክብ ላይ ቦታ ይለቁለታል። ሴቶች በውሃ ጉድጓዱ ዳር ለብርማቲ፣ «የሱን እግር አጥበሽ ብትጠጪ ያንስሻል» ይሏታል።

እሷም አመነች። ለባል ዕድሜ በሚጾምበት ቀን ሌሎቹ ሴቶች ጨረቃ እስክትወጣ ውሃ ሳይቀምሱ ሲውሉ፣ እሷ ከዋዜማው ትጀምራለች። ማታ እግሩን በዘይት እያሸች፣ «ሌላ ወንድ ቢሆን ይህን ጊዜ የት በወደቅሁ ነበር» ትለዋለች። እሱም እግሩን ቀስ ብሎ ይሰበስባል። «ተይው፣ ደክሞሻል።» ያ በምላጭ ምላሷ የምትቀልደው ብርማቲ ጠፍታ በምስጋና ጎንበስ ያለች ሌላ ሴት በቤቱ ገባች። ከሁሉ የከበደው ይህ ነበር።

ቻንድሮም ተስፋ አልቆረጠችም። በገበያ ከተማዋ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ነበረች፤ እዚያ ያለው ሰው «ማህፀን እጠርጋለሁ፣ ከተጠረገ ይይዛል» ይላል። ብርማቲ አንድ ጊዜ ሄደች። በሁለት ዓመቱ ደግማ ሄደች። ሁለቱንም ጊዜ ማንጌራም «ይቅርብሽ፣ ምን ይጠቅማል» ብሎ ነበር፤ ለምን እንደማይጠቅም ግን አልተናገረም። እሷም «ለአንቱ ስል ይህን እንኳ ካላደረግሁ» አለችው።

ሦስተኛው ጊዜ ከዚያች ጠብታ በኋላ በሰባተኛው ዓመት ነው። በማግስቱ ትኩሳት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን መቃዠት ጀመረች። በትራክተር ጭነው ወደ ትልቁ ሆስፒታል አደረሷት። ማህፀኗ መግል ሞልቶት ነበርና ሕይወቷን ለማትረፍ አወጡት። ቀዶ ያደረገላት ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ማንጌራምን በኮሪደሩ አገኘው።

«ይህችን ሴት ጥረጉላት ያለው ማነው? ይሄ ኢንፌክሽን ባይገባባት ምንም ያልነበረባት ናት። አንተስ ተመርምረህ ታውቃለህ?»



በስምንተኛው ቀን ጠዋት ብርማቲ ተሻላት። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ የብረት አልጋው ላይ ነበረች። ማንጌራም የምስርና የሩዝ ገንፎ በማንኪያ እያጎረሳት፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አኖረና ነገራት። ከጆሮ ደግፉ ጀምሮ ሁሉንም ነገራት፤ ሰባት ቁጥርን፣ ባዶዋን ጠብታ፣ «ሦስት» ብሎ መጻፉን።

ሳህኑን በእጇ ገፋችው። 

«መቼ ነው ያየኸው?» አለችው።

«አንቱ» ቀርቶ «አንተ» አለችው። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳር የመጀመሪያዋ ነው። እሱም ሰማ።

«ኮርማው ራጃ የሞተ ጊዜ። በዚያ በጋ።»

«እግሬ የተላጠ ጊዜ።»

«አዎ።»

«ጨው አለ ወይ አልከኝ።»

ማንጌራም ራሱን ደፋ።

«ብትነግረኝ ኖሮ» አለች ብርማቲ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ለማንም አልናገርም ነበር። መካን የሚለውን ስም ላንተ ብዬ ተሸክሜ በኖርኩ። ሴቶቹ ሲሰድቡኝ በሆዴ በሳቅሁ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ ባወቅሁ ነበር። ያቺን ማወቄን ብቻ ነው የነሳኸኝ። ማህፀኔንስ ሐኪሞቹ ናቸው የወሰዱት።»

«ምን ላድርግ? የምትይውን አደርጋለሁ።»

«ለእናትህ ንገራት። ሴቶቹ ባሉበት።»

አደረገው። ብርማቲ ወደ ቤት በተመለሰችበት ቀን የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቁ መጥተው ግቢውን ሞልተውት ነበር። ማንጌራም ከእናቱ ፊት ቆመና፣ «እማዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መካኑ እኔ ነኝ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሷ ምንም የለባትም ነበር» አለ።

 ቻንድሮ ልጇን ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«አያችሁ?» አለች ወደ ሴቶቹ ዞራ። «አያችሁ የወለድኩትን? እሷ ማህፀን እንኳ የላትም፤ እሱ ግን ውርደቷን በራሱ ላይ ሊያደርግ ነው።»

«የእግዜር ሰው ነው» አለች አንዲት አሮጊት።

«እውነቴን ነው፣ እማዬ።»

«ዝም በል፣ ልጄ። እኔ ስትጠባ አይቼሃለሁ፣ ስትጎረምስ አይቼሃለሁ። ወንድ ነህ አንተ።»

ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በአድናቆት ከንፈራቸውን መጠጡ። ብርማቲ አልጋው ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያም ሳቀች፤ አጭር፣ ደረቅ ሳቅ። ተነስታ ወደ ውስጥ ገባችና ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

በማግስቱ ወንድሟ ብረትሲንግ መጥቶ ወሰዳት። ማንጌራም ጥቁሯን ጎሽ ከበረት አውጥቶ ከጋሪው ኋላ አሰረላት፤ ያሳደገቻት እሷ ናትና። ብርማቲ ጋሪው ላይ ሆና፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳትስብ፣ በስሙ ጠራችው።

«ማንጌራም፣ በአንተ አልፈርድም። አብሬህ ግን መኖር አልችልም።»

ማንጌራም ወደ ሕክምና ኮሌጁ ሄዶ ተመረመረና ማኅተም ያለበት ወረቀት አመጣ። ጋያ የሚስቡት ሽማግሌዎች ፊት አነበበው። የመንደሩ አለቃ ወረቀቱን ተቀብሎ ገለባበጠው። «አንተ ከእነሱው ጋር የምትሠራ ሰው አይደለህ እንዴ? ይህን ወረቀት ማስጻፍ ለአንተ ምን ይከብድሃል» አለና አጣጥፎ መለሰለት። ቻንድሮ በዓመቱ ስትሞት አልጋዋ አጠገብ ለተቀመጡት የመጨረሻ ወሬዋ የልጇ ደግነት ነበር።

ዶክተር ሱሎቻና ያኔ ጡረታ ወጥታ ናግፑር ተመልሳ ነበር። ማንጌራም በሁለት ገጽ ጻፈላት፤ ጥናትዎን አበላሽቼብዎታለሁ፣ ሰባት ቁጥር ሐሰት ነው አለ። መልሱ ከወር በኋላ መጣ። «የድሮውን ደብተር አውጥቼ ቁጥሩን ሰርዤዋለሁ። በአንድ ቁጥር ጥናቱ አልፈረሰም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ አጠገብህ ቆሜ ስጠይቅህ እስቅብሃለሁ ብለህ ነበር? ብዙ ወንዶች በጆሮ ደግፍ እንዲህ ይሆናሉ። ጠብታዋን ባየህ ቀን ብትነግረኝ ሚስትህን አስቀምጬ እኔ አስረዳት ነበር።» ደብዳቤውን ለማንም አላሳየም፤ አልቀደደውምም።

በየሁለት ወሩ ወደ ብረትሲንግ መንደር በአውቶቡስ ይሄድ ጀመር። ብርማቲ ከኒሙ ዛፍ ሥር አልጋ ታነጥፍለታለች፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው አሬራ ታቀርብለታለች፤ ስለ ጎሿ ያወራሉ። ጥቁሯ ወለደች፣ የጥቁሯ ልጅ ወለደች፣ የልጅ ልጇ ታለበች። ስለ ሌላ ነገር አታነሳም። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ «አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ» ትለዋለች።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ በናግራና ጉጋን የሚባል ገበሬ ምራቱን ካምሌሽን ወደ ቤተሰቧ ሊሰዳት ነው የሚል ወሬ ሰማ። አራት ዓመት አልወለደችም። ማንጌራም ሳይጠራ ሄዶ ከጉጋን ጋያ አጠገብ ተቀመጠ።

«ልጅህን መጀመሪያ አስመርምር፣ ጉጋን።»

«ልጄ ትግል ገጥሞ ሦስት መንደር የጣለ ነው። ምኑ ይመረመራል?»

«እኔም አሥር ኩንታል ኮርማ በአንድ እጄ እይዝ ነበር።»

«የአንተ ነገር ሌላ ነው። አንተ ለሚስትህ ብለህ ነው ያን ያልከው፤ እናውቃለን።»

«አታውቁም» አለ ማንጌራም። «እኔ የማውቀውን የሚያውቅ እዚህ መንደር የለም። ልጁን ስጠኝና ነገ እኔው እወስደዋለሁ። ደህና ከሆነ አልተናገርኩም በለኝ፤ ምራትህን ግን እስከዚያ አትስደዳት።»

ጉጋን በመጨረሻ እሺ ያለው ከማሳመኑ ይልቅ ከአጠገቡ አልነሳ ስላለው ነው። ልጁ ተመረመረ። ዘሩ ጥቂትና ደካማ ነበር፤ በትንሽ ቀዶ ጥገና የሚታከም ሆኖ ተገኘ። በሁለተኛው ዓመት ካምሌሽ ሴት ልጅ ወለደች።

ማንጌራም ይህን ለብርማቲ ሊነግራት በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። እሷም ከኒሙ ሥር ሆና፣ አሬራውን በእጇ እንደያዘች ሰማችው።

«በደህና ተገላገለች?»

«በደህና።»

«ጥሩ አደረግህ» አለችው። ቆይታም፣ «ላንተ ማነው እንዲህ መጥቶ አልነሳም ያለ? ማንም» አለች።

«ዶክተሯ ጠይቃኝ ነበር።»

«እሷ ጠየቀችህ። መልሱ ያንተ ነበረ።»

ያን ቀን አውቶቡሱ እንዳያመልጥህ አላለችውም። እሱም ራሱ ጊዜውን አይቶ ተነሣ።

ብርማቲ በሦስተኛው ክረምት በሳንባ ምች ሞተች። ጉም መንገዱን ዘግቶት ማንጌራም የደረሰው አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ነው። አስከሬኗ የሚቃጠልበትን እሳት የለኮሰው የብረትሲንግ ታላቅ ልጅ ነበር፤ ማንጌራም ከወንዶቹ ኋላ ቆመ። በሦስተኛው ቀን አመዱ ሲሰበሰብ ብረትሲንግ የሸክላውን ማሰሮ ይዞ መጣ።

«ወደ ጋንጋ ወንዝ አንተ እንድትወስዳት ብላ ነበር» አለው። «ለምን እንዳለች አልጠየቅኋትም።»

ማንጌራም ማሰሮውን በነጭ ጨርቅ አስሮ፣ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ ይዞት ሄደ። ወንዙ ዳር አንድ ጀልበኛ አሳፈረው። ውሃው መሃል ሲደርሱ ማሰሮውን ዘቅዝቆ አመዱን ቀስ እያለ ለቀቀው። ጀልበኛው መቅዘፊያውን አንስቶ ጠበቀው።

«ሚስትህ ናት?»

«አዎ።»

«ልጆች አሏት?»

«የሏትም። በእኔ ምክንያት ነው።»

«ይሆናል» አለ ጀልበኛው፤ መቅዘፊያውንም ወደ ውሃው መልሶ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመረ።